ለይኩን የሚባል ሰው የለም

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ዛሬ የምጽፈው ክስ ነው። ከሳሽ እኔ አንዱአምላክ፣ ተከሳሽ የፈሀድ ወንበር። አራት እግር አለው፤ መሬት የሚነኩት ሦስቱ ናቸው። እዚህ ሸሕዲ የመጽሐፍ ክበባችን ከተቋቋመ አምስት ወሩ ነው፤ አምስቱንም ወር እዚያ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ። ለምን? "አንተ መካኒክ ነህ፣ ትችለዋለህ" ይለኛል ፈሀድ። ሠላሳ ዓመት ትራክተር ጠግኜ በወንበር ተሸነፍኩ። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ወደ ወይዘሮ አየሁሽ ይጥለኛል። እሳቸው ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በዓይናቸው ብቻ ጥግ ሂድና ቁም ይሉኛል። አቤቱታዬ ይኸው ነው። ዳኛም የለ፣ ይግባኝም የለ።

ስድስት ሰው ነን፣ መጽሐፉ ግን አንድ። የወንድሜ ልጅ ሰርካለም ናት ከጎንደር የላከችው። ፈሀድ በምላጭ ስድስት ቦታ ቆረጠው፤ እያንዳንዱን በጆንያ መስፊያ ሰፋው። በየሳምንቱ እንቀባበላለን። መጽሐፉ ሲቆረጥ ወይዘሮ አየሁሽ ፊታቸውን አዙረው ነበር፤ በግ የሚታረድ ይመስል። እሑድ እሑድ ደግሞ ከፈሀድ ሱቅ ጓሮ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ የሳምንቱን ክፍል እሳቸው ጮክ ብለው ያነቡልናል።

ታሪኩ የእርጅና ነው። ለይኩን የሚባል ሽማግሌ አለ። ልጆቹ ከተማ ወስደው ሶፋ ላይ አስቀምጠውታል። ሁሉ ሞልቶለታል፣ ሥራ የለውም። ያሳዝናል፣ ያስቃልም። ፈሀድ ዛሬ እንባውን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገ። "አቧራ ነው" አለ። አቧራ በጥቅምት?

ጋሼ አዱኛም አብሮን ነው። ቤት ብቻውን አልተወውም። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው ወንድሜ፣ ነገር መርሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። በወጣትነቱ የት የት እርሻ እንዳጨደ፣ ማን ማን እንደቀጠረው ያውቃል፤ ቁርስ መብላቱን አያውቅም። ሰርካለም መጽሐፉን የላከችው ለእሱ ብላ ነው። "አባባ ይስማ፣ ታሪክ ይወዳል" አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኔን ስም እንኳ አንዳንድ ቀን ይስታል፤ የለይኩንን አይስትም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት ገና ዓይኑን ሲገልጥ፣

"ያ ሰውዬ ደህና አደረ?"

"የቱ?"

"ለይኩን ነዋ።"

"ደህና ነው። ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዷል።"

"ስንቱን?"

"የቀሩትን ሁለቱን።"

አዘነለት። ሻዩን ሳይጠጣ ቆየ። ትናንት ሊያገባ ነው ብዬው እስኪያስለው ስቆ ነበር። "በዚህ ዕድሜው? ማን እሺ አለችው?" የፈሀድ አክስት ብዬዋለሁ። ከትናንት ወዲያም ለይኩን አህያ ሰርቆ ታስሯል።

ፈሀድ ተው ይለኛል። "በበሽተኛ ሰው አይቀለድም፣ ሐራም ነው።" ምን ልተው? ሲስቅ ነው የድሮ ወንድሜን የማየው። ሲስቅ ፊቱ በደንብ ያውቀኛል።


ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጋሼ የለም።

ከንጋቱ ነው የወጣው። የሚተኛበት የጠፍር አልጋ፣ አንገረቡ ላይ ያለው ጋቢው ብቻ። መጸዳጃ ቤት ሄዶ ነው ብዬ ጠበቅሁ… ስንት ደቂቃ ጠበቅሁ? ቤተ ክርስቲያን የለም። ጤና ጣቢያ የለም። መናኸሪያ የለም። ፖሊስ ዘንድ አመለከትሁ። ፈሀድ ሱቁን ዘግቶ በባጃጅ ከተማውን ሁለቴ ዞረልኝ።

ግድግዳው ላይ ተሰቅላ የነበረች ማጭድ የለችም። ይዟት ነው የሄደው።

ለምን እንደያዛት አውቃለሁ። ዛሬ አልጽፈውም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሠራተኛ የሚቀጠርበት አደባባይ በሌሊቱ ሄድሁ። ሰው እንደ ጉንዳን ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከየደጋው የወረደው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ቆሟል። ካቦዎቹ በተሳቢ እየጫኑ ይወስዳሉ። "አዱኛ የሚባል ሽማግሌ ትናንት አልጫናችሁም?" የለም። "አዱኛ?" የለም፣ አልተመዘገበም። ያለኝ ፎቶ በሰርካለም ምርቃት የተነሳው ነው። ሱፍ ለብሷል፣ ክራባት አስረንለታል። አንዱ ካቦ አየና "ይኼ ባለሀብት አጫጅ ነው ወይስ አሳጫጅ?" አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ሰርካለም ደወለች። ቅዳሜዋ ነው።

"አጎቴ፣ አባባን ያገናኙኝ።"

"ተኝቷል።"

"በዚህ ሰዓት?"

"ሙቀቱ ነው። እኔም ጋደም ልል ስል ነው የደወልሽው።"

"አደራ ውኃ ያጠጡት።"

እሺ አልሁ። በቀላሉ ነው የወጣልኝ። ስቀልድ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ መዋሸት ምን ይከብደኛል።


እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከክበቡ አልቀርም ብዬ ሄድሁ። ምናልባት ጋሼ ቀኑን አስታውሶ ኒሙ ሥር ይመጣል ብዬ። እሱ የሚቀመጥበት አንገረብ ባዶ ነበር።

የመጨረሻው ክፍል ነው የተነበበው። ለይኩን ከልጆቹ ቤት ጠፍቶ ወደ ጥንት እርሻው ይመለሳል። አዝመራው ደርሷል። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ወጣቶቹ ማጭድ ያቀብሉታል። ልጆቹም ደርሰው አብረውት ያጭዳሉ፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ሁሉም ይተቃቀፋሉ። ወይዘሮ አየሁሽ ድምፃቸው ተቆራረጠ። አልቅሰው ጨረሱና መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ "እንግዲህ ስለ እርጅና ምን ተማርን?" አሉ።

ተነሥቼ ወጣሁ።

የወረቀት ሽማግሌ ተገኘ ብለን አለቀስን። የእኔው ደግሞ የት ወድቆ ነው? ማነው ማጭድ የሚያቀብለው? ውኃስ?

አሁን ልጻፈው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የትራክተር ፓምፕ ፈትቼ እያጠብሁ ነበር።

"ለይኩን ዛሬ የት ነው?" አለኝ።

ቀና ሳልል፣ "ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። ብቻውን ነው የሚያጭደው። ሰሊጡ ሊረግፍበት ነው፤ አዱኛን ላኩልኝ እያለ ነው።"

"እኔን?"

"አንተን። ካንተ የተሻለ አጫጅ የት አለ አለ።"

 ከዚያ ማጭዷን አውርዶ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ መሳል ጀመረ። ድንጋዩ ላይ ስትፋጭ እሰማለሁ… ደስ ብሎት ነበር። ሥራ ያገኘ ሰው ፊት ነበረው። እኔም እየሳቅሁ ፓምፔን አጠብሁ። "አሳምረህ ሳል" እንኳ ብዬዋለሁ።

ሰሊጥ ሲደርስ ቀን እንደማይሰጥ ጋሼ ያውቃል። ዛሬ ካልታጨደ ነገ ፍሬው መሬት ነው። ይህንን አልረሳም። የረሳው ለይኩን የወረቀት ሰው መሆኑን ነው።

ይህን ለክበቡ አልነገርሁም። ፈሪ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬም ከፈሀድ ጋር አደባባዩ ላይ ነበርሁ። አዲስ ካቦ አገኘሁ፤ ዓርብ ጭኖ ሄዶ ገና መመለሱ ነው። "ሽማግሌ አንድ ነበር። አዱኛ ግን አይደለም፣ ለይኩን ነው" አለኝ።

 የመኪናውን ጎን ያዝሁ።

ሠራተኛ በቡድን ነው የሚመዘገበው፣ በአለቃው ስም። አንድ ሰው ብቻውን ሲቆም፣ "ከማን ጋር ነህ?" ይሉታል። ጋሼን ሲጠይቁት "ከለይኩን ጋር ነኝ፣ እየጠበቀኝ ነው" አለ። ካቦውም ለይኩን የሚባል አለቃ ቀድሞ ሄዷል ብሎ ጻፈ። ደብተሩን አሳየኝ፦ ለይኩን፣ አንድ ሰው። አራት ቀን ሙሉ በሌለ ስም ስጠይቅ ከርሜአለሁ።

"ሽማግሌ እንደሆነ እያየህ እንዴት ጫንኸው?"

"ማጭድ ያዝ አልሁት፣ ያዘ። አያያዙን ብታይ አንተም ትጭነው ነበር።"

ልመታው እጄን ሰነዘርሁ። ፈሀድ ያዘኝ። ምን ልመታው? ልኬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ካቦው ጋሼን ያወረደበት እርሻ፣ ሽንፋ ደርሼ መጣሁ። ለሰሊጥ በሚሄድ ተሳቢ ላይ ነው የሄድሁት፣ ፈሀድም አብሮኝ።

እርሻው ታጭዶ አልቋል። እዚህም እዚያም ነዶው ተሰብስቦ ቆሟል፣ ዝቅ ያለ ጎጆ እየመሰለ። በመካከሉ ስሄድ አንድ ነዶ አየሁ። የታሰረው በራሱ በሰሊጡ ግንድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ ተቀብሯል። አባታችን ነበር እንዲህ የሚያስረው። ዛሬ ማንም እንዲህ አያስርም፣ ጊዜ ይፈጃል። አንድ መስመር ሙሉ፣ ነዶ በነዶ። ቆጠርኋቸው፤ ሃያ ሦስት ላይ ዓይኔ እምቢ አለኝ።

ካምፑ ውስጥ የቀሩ አራት ሠራተኞች ነበሩ።

"ያ ሽማግሌ? ጎበዝ ነው። እያጨደ እያጨደ ቆም ይልና ለይኩን ደረሰ ወይ ይላል።"

"ምን ትሉታላችሁ?"

"ነገ ይመጣል እንለዋለን።" ሳቁ። "አንድ ቀን እንዲያውም ለይኩን በሄሊኮፕተር ሊመጣ ነው አልነው፣ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሲያይ ዋለ።"

ክፋት የላቸውም። እኔው ራሴ ነኝ የሳቅሁት የመሰለኝ።

ሥራው ሰኞ አልቋል። ሁለት ተሳቢ ሠራተኛውን አንሥቷል። አንደኛው ወደ አብደራፊ፣ ሌላኛው ወደ ውስጥ፣ ወደ ወንዙ ማዶ። ጋሼ በየትኛው ነው የወጣው? አንዱ በዚህ ይላል፣ ሌላው በዚያ። አልተስማሙም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ለሰርካለም ነገርኋት። ሁሉንም። ቀልዱንም፣ ቅዳሜ መዋሸቴንም።

 ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልሁ።

"አለሁ አጎቴ" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ስድስት ዓመቴ እያለ እናትሽ ጥላሽ ሱዳን ገባች ብለውኝ ነበር። ያስታውሳሉ? ገበያ ሄዳ ነበር። እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ ሳለቅስ እርስዎ ይስቁ ነበር።"

አላስታወስሁም። ይኸ ነው የባሰው። እሷ ሃያ ስምንት ዓመት ተሸክማዋለች፣ እኔ ረስቼዋለሁ።

እመጣለሁ አለች። መንገዱ ተዘግቷል፤ መኪና ከጎንደር ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው። በእግሬም ቢሆን አለች። ለመንኋት። ሁለታችሁን ማጣት አልችልም አልኋት። ስልኩን ዘጋችው።


እሑድ፣ ጥቅምት 16

ክበቡ ፊት ቆሜ ተናገርሁ። ጋሼ በራሱ አልጠፋም፣ እኔ ነኝ የላክሁት አልሁ። በመጥፋቱ ዋዜማ፣ ሐሙስ፣ ያልሁትን ቃል በቃል ነገርኋቸው።

 ፈሀድ መሬት መሬት አየ። በመንገድ ሁሉ አብሮኝ ሲንከራተት እሱንም አልነገርሁትም ነበር። እሱ ሁልጊዜ "ሙሽኪላ የለም"፣ ችግር የለም፣ የሚል ሰው ነው። ዛሬ አላለም።

ወይዘሮ አየሁሽ መጽሐፉን፣ ስድስቱንም ቁራጭ፣ ሰብስበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

"አቶ አንዱአምላክ፣ አርባ ዓመት ሳስተምር በየክፍሉ እንደ እርስዎ ያለ አንድ ተማሪ አይጠፋም ነበር። ሲቀጡት ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ የሚክስ ይመስለዋል። ይቀመጡ። ፈሀድ፣ የሰሊጥ ነጋዴዎቹን ስልክ አምጣ።"

እያንዳንዳችን የእርሻ ስም ደረሰን። ማታ እስኪሆን ደወልን። "ለይኩን የሚል ሽማግሌ አለ ወይ?" ግማሹ አይነሣም፣ ግማሹ ይዘጋል። አንዱ ነጋዴ "ማነው ለይኩን?" አለኝ። ምን ልበለው? ለይኩን የሚባል ሰው የለም። ግን ፈልጉልን።


ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ከአብደራፊ ተደወለ። መንገድ ዳር ሽማግሌ ሞቶ ተገኝቷል አሉ። ማጭድ ይዟል።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ሁለተኛ ስልክ ጠበቅሁ። ምን አደረግሁ በዚያ ሦስት ሰዓት? የትራክተሩን ፓምፕ ገጥሜ፣ ፈትቼ፣ እንደገና ገጠምሁ።

ሌላ ሰው ነው። የደብረ ታቦር ሰው ነው፣ ልጁ አብሮት ነበር አሉ።

ደስ አለኝ። ሰው ሞቶ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ውኃ ጠጣሁ። ይህን ለማንም አልናገርም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ። ጋሼ ጋቢውን እንኳ አልያዘም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ምንም።

ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ እንደ ድሮው ቀልድ ይጠብቃሉ። ሥጋ ቤቱ፣ "ምነው ዛሬ ሳትሰድበኝ ታልፋለህ?" አለኝ። አፌ ውስጥ ምንም የለም። ብፈልግም የለም።

ሰርካለም በየቀኑ ትደውላለች። "አለ?" ትላለች። "የለም" እላለሁ። ሌላ አንነጋገርም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ምሳ አልበላ ብሎኝ ቁጭ እንዳልሁ በሩ ተንኳኳ። ፈሀድ መስሎኝ ግባ አልሁ። አልገባም። ወጣሁ።

የማላውቃት ሴት ናት። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፣ ኮንጎ ጫማ አድርጋለች፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ንግግሯ የወሎ ነው።

"አንቱ ነዎት ቀልደኛው መካኒክ?"

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አይደለሁም ልል ነበር። ነኝ አልሁ።

"ስምዎንም አላውቀው። ወንድሜ ቀልደኛ ነው፣ ትራክተር ይጠግናል፣ ሸሕዲ ነው ይላል ሰውየው። እዚህ መጥቼ ቀልደኛ መካኒክ ስል ልጅ አዋቂው በጣት አሳየኝ።"

ባንቺአየሁ ትባላለች። ከወንዙ ማዶ ካለው ካምፕ ለሠራተኛው ምግብ ታበስላለች። ግቢ ብላት አልገባ አለች። ውኃ ሰጠኋት፣ ቆማ ጠጣች፣ ቆማ ነገረችኝ።

ጋሼ ከዝናቡ በኋላ ተኝቷል። ትኩሳት ነው። ሰሊጡ መካከል፣ ነዶው ሥር ነው የተኛው። ወደ ካምፕ እንውሰድህ ሲሉት ግንዱን ይዞ አልነሣም ይላል። ጤና ጣቢያ የሚሄድ መኪና ትናንት መጥቶ ነበር፤ ሁለት ጎልማሳ ቢያነሡትም ከእጃቸው አምልጦ ወደ ነዶው ተመለሰ። እህልም አልቀምስ ብሏል።

"ወንድሜ ነው የላከኝ፣ ሰሊጡ ሳይረግፍ አንሣ ብሎኛል፤ አለቀ ሳይለኝ የት እሄዳለሁ ይላል። አለቀ አልነው፣ እናንተ ታሾፉብኛላችሁ አለን። የካምፑ ልጆች ሲያሾፉበት ነበር የከረሙት፣ አሁን ማንን ይመን? ወንድሜ ግን አይዋሸኝም ይላል።"

ሁለት ጊዜ አስደገምኋት። ወንድሜ አይዋሸኝም። እንዲህ ነው ያለው?

"እንዲህ ነው ያለው። እንግዲህ የላኩት አንቱ ነዎት፣ መጥተው ያንሡት።"

"አለ ወይ?" አልኋት። 

"ንጋት ላይ ስነሣ ይተነፍስ ነበር።"

ፈሀድ ፒካፕ ሊለምን ሮጧል። ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ቆማለች፣ እስካሁን አልተቀመጠችም። ለሰርካለም ደውዬ እንዳለ ነገርኋት፤ እስካሁን ታለቅሳለች፣ ስልኩን አልዘጋሁትም፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው የምጽፈው።

ከዛሬ ወዲያ ቀልድ ከአፌ አይወጣም ብዬ ነበር። እውነት ብቻ ልናገር። እውነቱ ምንድን ነው? ሰሊጡ አላለቀም። ሴትዮዋን ጠየቅኋት፤ ግማሹ ገና ቆሟል፣ በዝናቡ ረግፏል አለች። የሰው ሰሊጥ ነው፣ የእኛ አይደለም። ይህን ብነግረው እዚያው ግንዱን ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ጎንበስ ብዬ እነግረዋለሁ። አለቀ ጋሼ፣ አንዲት ፍሬ አልረገፈችም፣ ለይኩን አመስግኖሃል፣ ና እንሂድ እለዋለሁ። ሳልስቅ። ዓይኑን እያየሁ።

የመኪና ድምፅ መጣ።

ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ይመነኝ።